ነቀዝ የማይደፍረው በርሜል

እናቴ ጓሮ አንድ በርሜል አለ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ከጌሾው አጠገብ። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ተልጦ ዝገት በልቶታል። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የራስ ቅልና ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች ተሥለውበታል። የራስ ቅሉ አንድ ዓይኑ ከቀለሙ ጋር ሄዷል። ልጆች ሳለን እሱን ፈርተን ማታ ማታ ወደ ጓሮ አንወጣም ነበር። እናቴ "ሥዕል ነው፣ ምን ያደርጋችኋል?" ትለናለች።

በዚህ በርሜል ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል እህል ተቀምጦበታል። ሽምብራ፣ ስንዴ፣ በቆሎ። ጤፍ አይገባበትም፤ ጤፍ እንደሆነ ድሮም አይነቅዝም። የሚነቅዘው ሌላው ነው። የጎረቤት ሽምብራ በሦስት ወሩ ዱቄት ሲሆን የእናቴ ግን በዓመቱም እንደገባ ይወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። "የእሷ በርሜል እኮ ነቀዝ አይደፍረውም!" ይላሉ። አደራ እህል የሚያስቀምጡባትም ነበሩ። እሷ ደግሞ "እጄ ነው" ትላለች። እጇ ቢሆን ደስ ባለኝ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ክሎሪንና ስለ ካርቦን ትስስር ስዘበዝብ እውላለሁ። ማታ እቤት ገብቼ ከዚያ በርሜል የወጣ የሽምብራ ሽሮ እበላለሁ። ሁለቱን ለማገናኘት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ባልናገር ይሻላል።

በርሜሉን ያመጣው አጎቴ ነው፤ ከወረታ። ነፍሱን ይማረውና ወባ ረጪ ነበር። ጋሼ ነበር የምንለው። የርጭት ወራት ሲደርስ ፓምፑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የፎገራን መንደሮች ቤት ለቤት ያዳርሳል። አንዳንድ ዓመት እስከ ደምቢያ ድረስ ይሄድ ነበር። ዱቄቱን በባልዲ ውኃ ይበጠብጣል። ፓምፑን ይሞላና ነፋስ ይሰጠዋል። ከዚያ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይረጫል። ልኩ ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም ነው። ሲደርቅ ግድግዳው ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ይቀራል። ዲዲቲ ማለት ያ ነው። ትንኟ ደሟን ጠጥታ ግድግዳው ላይ ልታርፍ ስትል እግሯ ይነካዋል፣ ትወድቃለች። አንድ ጊዜ ተረጭቶ ስድስት ወር ይሠራል።

ሰው ይወደው ነበር። ለወባው ብቻ ሳይሆን ትኋኑም ቁንጫውም አብሮ ስለሚያልቅ። "ወባዎች መጡ!" ሲባል ሰው አልጋውንና ቁርበቱን ተሸክሞ ደጅ ያወጣል። ጋሼን የሚያናድደው አንድ ነገር ነበር። እሱ ረጭቶ በሄደ በወሩ በዓል ይደርስና ሴቶቹ ግድግዳውን በእበት ይለቀልቁታል። "የመንግሥትን መድኃኒት በእበት ሸፈኑት" እያለ ይማረር ነበር። ዛሬ ሳስበው ለእነዚያ ቤቶች እበቱ ሳይሻል አልቀረም።

ግን የጋሼን ሥራ ማቃለል አልፈልግም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 (ከዚህ ወዲያ የምጠራቸው ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) በአገራችን ደጋና ወይናደጋ የገባው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በጥቂት ወራት ውስጥ! ጋሼ ያኔ ልጅ ነበር። እህል ቆሞ አጫጅ የጠፋበትን ዓመት ያስታውሳል። በዓመቱ አገራዊ የወባ ማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር ዋናው መሣሪያ ዲዲቲ ነበር። ያ ዱቄት ያተረፈውን ሰው ቁጥር አስቀምጦ ስለ መርዝነቱ ብቻ ማውራት ሐቅ አይመስለኝም። ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ያወቀው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የተሰጠው በኬሚስትሪ ሳይሆን በሕክምና ነው። ይገባዋልም።

አማርኛችንም ኖቤል ሰጥቶታል ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ "መድኃኒት" እንለዋለን። የትኋን መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የተምች መድኃኒት። ለሰው ልጅ ሳል የሚሰጠውም መድኃኒት፣ ሽንኩርት ላይ የሚረጨውም መድኃኒት። እውነቱን የተናገርነው ለአይጥ ብቻ ይመስለኛል፤ "የአይጥ መርዝ" እንላለን። ከአይጥ የምንደብቀው ነገር የለም።

ዲዲቲን የተወደደ ያደረገው አንድ ጠባዩ ነው፤ አይለቅም። ዛሬ ተረጭቶ ነገ ቢጠፋ ኖሮ ጋሼ በየሳምንቱ ፎገራን መዞር ነበረበት። ውኃ አያሟሟውም፣ ተሕዋስያንም ቶሎ አይበሉትም። እጅ ላይ ቢነካ ታጥቦ የሚሄድ ይመስላል፤ ጨርሶ አይሄድም። ውኃን ይጠላል፣ ስብን ይወዳል። አፈር ውስጥ ከገባ ግማሹ ብቻ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። ተማሪዎቼን አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አስልተው ነበር። በ15ቱ ሂሳብ አንድ ኪሎ ዲዲቲ በ30 ዓመቱ 250 ግራም ነው። በ60 ዓመቱ ገና 62 ግራም ይቀራል። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ጠፋ የተባለውስ ወዴት ሄደ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ዲዲኢ ወደሚባል ወንድሙ ይለወጣል። ዲዲኢ ደግሞ ከዲዲቲም የባሰ ችኮ ነው። ስሙን ቀይሮ እዚያው ይቀመጣል።

የእናቴ ሽምብራ ያልነቀዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋሼ እየሳቀ የሚያወራት አንዲት ታሪክ አለችው። ቡና ላይ ሁልጊዜ ትደገማለች። አንድ ቀን ሥራ ጨርሰው ፓምፖቹንና ባልዲዎቹን ርብ ወንዝ ዳር ያጥባሉ። በጋ ነው፣ ውኃው ቀንሶ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። እየተጨዋወቱ ሳለ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ እያደረገ ይንሳፈፍላቸው ጀመር። ትልቅም ትንሽም። "እኛ ብርብራ ሳንወቅጥ!" ይላል ጋሼ። ሰብስበው ጠብሰው በሉት። "እንዲህ ያለ ዓሣ ከዚያ ወዲያ አልቀመስኩም" ብሎ ይጨርሳል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

ብርብራ የማታውቁ ካላችሁ፣ ዛፍ ነው። በጣና ዙሪያ ያለ ሰው ፍሬውን ወቅጦ ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣ ሲያሰክር ኖሯል። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለው፤ የዓሣውን ትንፋሽ የሚያሳጣው እሱ ነው። ክፉ ልማድ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ። የጣና ነጭ ዓሣ ዕንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ የሚወጣው ያኔ ነውና። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሮቴኖን ፀሐይና ሙቀት ያጠፉታል። በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ያልቃል። የቀደሙት ሰዎች መርዝ ሥራውን ሠርቶ ይሞታል። የጋሼ ባልዲ እጣቢ ግን ከዚያ ኩሬ ተነሥቶ መንገድ ጀመረ።

ወዴት ሄደ? እኛ ባሕር ዳሮች ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ "ዓባይ ይወስደዋል።" የፋብሪካ ፍሳሹን፣ የመኪና እጣቢውን፣ የሆቴሉን ቆሻሻ፣ ሁሉን ዓባይ ይወስደዋል። "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ብለን ተርተንበት የለ! ግልገል ዓባይ ከጣና ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል የሚል ጨዋታም አለን። ልጅ ሆኜ አምኜ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ውኃ ሳይ ከተማዋ በየቀኑ የምትታጠብ ይመስለኝ ነበር።

ዲዲቲ ግን እንደ ግንድ አይንሳፈፍም። ውኃ ስለሚጠላ ከአፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። አፈር ደግሞ በክረምት በርብና በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል። ሐምሌ ላይ ውኃው ሻይ በወተት የሚመስለው ለዚህ ነው። ሐይቁ ሲደርስ ይረጋል፣ ይሰጥማል፣ ደለል ይሆናል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ሥሩ ይናወጣል። የተቀመጠው ጭቃ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይረጋል። ግንዱን ዓባይ ይዞ ይዞር ይሆናል፤ ጭቃው ማደሪያ አለው።

ጭቃው ውስጥ ትል አለ። ትሉን ትንሽ ዓሣ ይበላዋል። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላዋል። እዚህ ላይ ጣና የራሱ ነገር አለው። የትም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉት። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ በመብላት የሚኖሩ ናቸው። ለዚህ የዓሣ ወገን ይህ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ተመራማሪዎች በዚህ ይደነቃሉ፤ ሊደነቁም ይገባል። እኔን ግን ሰንሰለቱ መርዘሙ ነው የሚያሳስበኝ። ስብ ወዳዱ መርዝ በእያንዳንዱ አፍ ሲያልፍ አይቀንስም፣ ይከማቻል። አንድ ትልቅ ዓሣ በዕድሜው የበላቸውን የሺህ ትናንሽ ዓሦች ድርሻ ስቡ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ከላይ ደግሞ የዓሣ ንስር፣ ይብራ (ፔሊካን) እና ሰው አሉ።

ወፎች ላይ የደረሰውን ዓለም ያወቀው ዘግይቶ ነው። ካሊፎርኒያ አጠገብ አናካፓ የምትባል ደሴት አለች። በ1970 እዚያ ከ500 በላይ ጎጆ የሠሩ ይብራዎች አንድ ጫጩት ብቻ አሳደጉ። እናቶቹ ሊያሞቁት ሲቀመጡበት ዕንቁላሉ ከሥራቸው ይደቅ ነበር። ዲዲኢ ካልሲየም ቅርፊቱ ላይ እንዳይደርስ ስለሚከለክል ቅርፊቱ ሳስቶ ነው። ምንጩ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ዲዲቲ ያመርት የነበረ ፋብሪካ ፍሳሽ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የባሕሩ ደለል ውስጥ ያለው ግን ዛሬም አለ። በአፍሪካም፣ ለቆላ ዝንብ ተብሎ ዲዲቲ በተረጨበት በዚምባብዌው የካሪባ ሐይቅ፣ የዓሣ ንስር ዕንቁላል ቅርፊት ሳስቶ ተገኝቷል። ያው የእኛው ዓይነት ንስር ነው፤ ደንገል ላይ ቆሞ የሚጮኸው።

ዶሮ በዚህ አትታማም። የዶሮ ቅርፊት እምብዛም አይሳሳም። የዶሮ ጉዳይ ሌላ ነው። ጓሮ የምትጭር ዶሮ አፈር ትውጣለች፤ አፈሩ ውስጥ ያለው አስኳሏ ውስጥ ይገባል። አስኳል ስብ ይበዛዋል። እናቴ ደግሞ የጋሼን የሥራ ልብስ በሳፋ እያጠበች እጣቢውን ጌሾው ሥር ትደፋ ነበር። ዶሮዎቹ ከዚያ ጌሾ ሥር ጠፍተው አያውቁም።

የእናት ጡት ወተትም ስብ አለው። በጂማ አካባቢ በእናቶችና በላሞች ወተት ውስጥ ዲዲቲ መገኘቱን ያሳየ ጥናት በ2013 ወጥቷል። ጫት ላይም እንዲሁ ተገኝቷል፤ የግድግዳው መድኃኒት ከየት ከየት እየሾለከ ቅጠል ላይ ይረጭ ነበርና። ጫት ደግሞ ሳይታጠብ፣ ሳይቀቀል ነው ወደ አፍ የሚሄደው። እዚህ ከተማ ቅሞ የማያውቅ ሰው ቁጠሩ ብትሉኝ አልደክምም።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ የማይለቁ መርዞችን ለመከልከል የወጣውን የስቶክሆልምን ስምምነት ተቀብላለች። በ2001 ሲፈረም አሥራ ሁለት ኬሚካሎች ነበሩበት፤ ዲዲቲ አንዱ ነው። እሱ ብቻ ለወባ ሥራ እንዲፈቀድ በር ተተወለት። በኋላ በሩን የዘጋችው ትንኟ ራሷ ናት፤ ለመደችው። ከመልመዷም የተነሣ የጤና ሠራተኞች ወደ ሌላ መድኃኒት ዞሩ። ትኋኑማ ከዚያ በፊት ለምዶት ነበር።

የተረፈው ክምችት ሌላ ታሪክ ነው። በየክልሉ መጋዘኖች ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተከማችቶ፣ በርሜሉ ዝጎ፣ መሬት ላይ እየፈሰሰ ተገኘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ያህሉ እንደገና ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ሄደ። እዚያ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሚነድ ምድጃ ተቃጠለ። እስቲ አስቡት። በርዳታም በግዢም ከፈረንጅ አገር መጣ፤ ለማቃጠል ደግሞ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ፈረንጅ አገር ተመለሰ። ምክንያቱም እኛ ጋ በማገዶ እሳት ቢቃጠል ጭሱ ከዱቄቱ የባሰ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ባዶ በርሜል ጓሮ አቃጥሎ መገላገል አይታሰብም። የእናቴ በርሜል ፊንላንድ አልሄደም። ሽምብራ ይዞ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ቆራሌው በሰፈራችን አለፈ። እናቴ ጠራችው። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

"ሦስት መቶ።"

"ምን ታደርገዋለህ?" አልኩት።

"ገዢ ሞልቷል። ውኃ የሚያጠራቅም አለ። ጠላ ጠማቂዎችም ይወስዱታል።"

የራስ ቅሉን አሳየሁት። "እሱማ ቀለም ቢቀባ አይታይም" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሥራው ነው። እናቴ እጄን ይዛ ዘወር አደረገችኝና "ሦስት መቶ ብር እኮ ነው፣ አንቺ ልጅ" አለችኝ። አልሸጥም አልኩ። ሰውየው እየተቆጣ ሄደ።

በማግሥቱ ስልክ ያዝኩ። አንድ ቢሮ ደወልኩ፤ ወደ ሌላ ቢሮ መሩኝ። ሁለተኛው "ባዶ ከሆነማ ገንዳ ውስጥ ይጣል" አለኝ። ሦስተኛው ደብዳቤ ይዤ እንድመጣ ነገረኝ። ደብዳቤውን ማን ይጻፍልኝ? ከእናቴ?

በዚያው ሳምንት ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጥቼ የአረም መድኃኒት የሚሸጥበት ጋ ቆምኩ። ልጁ በሀይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ይሸጣል። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም። አንዱ ገበሬ "እንዴት ነው ልኩ?" ሲለው "ለአንድ ፓምፕ በክዳኑ ሁለት፤ ተባዩ ካስቸገረህ ሦስት" አለው። ገበሬው ጠርሙሱን ከጨውና ከሳሙናው ጋር በአንድ ፌስታል ከተተው። ሽታው ማላታይን የሚባለው የተባይ መርዝ ነው፣ ሳልጠይቅ አወቅሁት። ማላታይን እንደ ዲዲቲ ለስልሳ ዓመት አይቀመጥም፤ አፈር ውስጥ በቀናት ወይም በሳምንታት ይበላሻል። ጠርሙሱ ግን ነገ ውኃ ይቀዳበታል። እምቦጭ ጣናን በወረረ ጊዜ ሁሉ "ለምን መድኃኒት አይረጭበትም?" የሚል ሰው የማይጠፋው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በክዳን ሁለት ብለን ነው የምናስበው።

በርሜሉን ለመብሳት ወሰንኩ። የተበሳ በርሜል ውኃም ጠላም አይዝም፣ ቆራሌም አይገዛውም። የእህቴ ልጅ መዶሻና ትልቅ ምስማር ይዞ መጣ። ጓንት አድርግ ብዬ ጮኽኩበት። ሥሩን አምስት ቦታ፣ ጎኑን ሰባት ቦታ በሳው። እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደ ለቅሶ እያየች "የወንድሜ ማስታወሻ ነበር" አለች። ሽምብራውን አስቀድመን አውጥተነው ነበር። ምን እናድርገው የሚለው ላይ ተጨቃጨቅን። መጨረሻው ላይ እኔ ሳላይ ለጎረቤት ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ የተማሪዎች ፈተና ያዘኝና ወር ያህል ሳልሄድ ቀረሁ። የሄድኩት ለገብርኤል ቡና ነው። ጓሮ ስገባ በርሜሉ ቦታው ላይ የለም። እፎይ ልል ስል አየሁት። ጌሾው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አፉ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ተጋርዶበታል። ውስጡ ገለባ ተጎዝጉዟል። ገለባው ላይ ቀይዋ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች።

"እማዬ!"

"ምነው? ዶሮ አስታቅፌበት ነው። ድመት አይደርስባትም። ደግሞ ስለተበሳ አየር ይገባዋል፣ እንዴት ደስ እንዳላት!"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ዶሮዋ በአንድ ዓይኗ አየችኝና ላባዋን ነፋች። ከሥሯ የአንዱ ዕንቁላል ጫፍ ይታያል።

"ስንት ቀኗ ነው?" አልኩ።

እናቴ በጣቷ ቆጠረች። "ዛሬ አሥራ ስድስቷ።"